ፕላስቲኩ ሲቀልጥ አሉሚኒየሙ ይልፈሰፈሳል፦ ሁለቱን ደርቦ በሙቀት የመቅረጽ ጣጣ

ባለፈው ሰሞን ቤት የፍል ውሃ መስመር የሚዘረጋ ቧንቧ ሰራተኛ መጥቶ ነበር፣ ልጅ እግር ነው፣ ከ25 ዓመት አይበልጥም። ማሽኑን ሰክቶ 260 ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቀ፣ ከዛ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን ፒፒአር የሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ ካንድ ወገን፣ መጋጠሚያውን ከሌላው ወገን ከተተና አምስት ድረስ ቆጠረ፣ አወጣቸው፣ ሳያጠማዝዝ አገጣጠማቸው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነካቸው ተወ። አለቀ። ኮላ የለ፣ ብሎን የለ፣ ሁለቱ አንድ ቧንቧ ሆኑ። ለፍል ውሃው ግን ሌላ ዓይነት አወጣ፣ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከስሩ አሉሚኒየም፣ ከዛ ወፍራም ፕላስቲክ ያለው። እሱን ከማሞቁ በፊት የእርሳስ መቅረጫ በሚመስል ነገር ጫፉን እያሽከረከረ አሉሚኒየሙን ልጦ ጣለው። ለምን ትልጠዋለህ ስለው «ጋሼ ካልተላጠ አይያያዝማ» አለኝ።

ብረትና ፕላስቲክ ደርቦ በሙቀት ቅርጽ ስለማስያዝ ካነበብኩት ሁሉ ይሄ መልስ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው። አውሮፕላን ሰሪዎቹም መኪና ሰሪዎቹም ስንት ዓመት የሚታገሉት ከዚሁ ነገር ጋ ነው እኮ፣ ልዩነቱ እነሱ መላጥ አይችሉም፣ ብረቱንም ፕላስቲኩንም አንድ ላይ ይፈልጉታል።

አሉሚኒየሙ ቧንቧው ውስጥ ለጌጥ አልገባም። ተራው ፒፒአር በየሜትሩ፣ በየአንዷ ዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፣ እና አስር ሜትር መስመር ላይ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ስትለቁ 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው፣ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ የፍል ውሃ ቧንቧ እንደ እባብ ተጣሞ የምታዩት ለዛ ነው። አሉሚኒየም ሲደረብበት ያው መርዘም ወደ 1.2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ብረቱ ይይዛል፣ ፕላስቲኩ ዝገት ይከላከላል፣ ሲሞቅ ይበየዳል። ሀሳቡ በቃ ይሄው ነው፣ ከቧንቧ እስከ አውሮፕላን።

አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ካላችሁ ደሞ ሌላውን ታዩታላችሁ፣ አሉኮቦንድ የምንለውን። ስሙ በ1969 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ውስጥ ከወጣው ምርት የመጣ ነው፣ እኛ ዛሬ ማንኛውም ኩባንያ የሰራውን ሁሉ አሉኮቦንድ ነው የምንለው። የተለመደው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ግራና ቀኙ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም፣ መሃሉ 3 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ። ፋብሪካው ውስጥ የቀለጠው ፕላስቲክ ከሁለት የአሉሚኒየም ጥቅሎች መሃል እየገባ በሮለር እየተጨመቀ ሳይቋረጥ ይወጣል። ቀላልና ርካሽ ስራ ነው፣ ምክንያቱም መሃሉ ያለው ፖሊኤትሊን ከ130 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ አሉሚኒየሙ ደሞ 130 ዲግሪን ከቁምነገርም አይቆጥረው። ያው ቶሎ የሚቀልጥ ነገር በእሳት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ በሰኔ 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ላይ ታይቷል፣ 72 ሰው ሞተ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆችም ነበሩበት፣ አጣሪ ኮሚሽኑም እሳቱ ሕንጻውን ሙሉ ለማዳረሱ ዋናው ምክንያት ይሄ የፖሊኤትሊን መሃል ያለው ፓኔል ነው አለ። ዛሬ መሃሉ በአብዛኛው የማዕድን ዱቄት የሆነ ፓኔል አለ፣ ሕንጻ የምታሰሩ ሰዎች ሻጩን መሃሉ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ፕላስቲክ ሁለት ጎሳ ነው። አንዱ እንደ እንጀራ ነው፣ አንዴ ምጣድ ላይ ከበሰለ ወደ ሊጥ አይመለስም፣ ብታሞቀው ያርራል እንጂ አይቀልጥም፣ ኢፖክሲ እዚህ ውስጥ ነው፣ ቴርሞሴት ይሉታል። ሌላው እንደ ሰም ነው፣ ስታሞቀው ይፈሳል ስታቀዘቅዘው ይጠነክራል፣ ደግመህ ስታሞቀው ደግሞ ይፈሳል፣ ቴርሞፕላስቲክ የሚባለው እሱ ነው። ኮምፖዚት ሲባል ደሞ እንዳትፈሩ፣ የጭቃ ቤት ኮምፖዚት ነው፣ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭዱ ነው አቅፎ የሚይዘው። በጭዱ ፋንታ የመስታወት ወይ የካርቦን ፋይበር፣ በጭቃው ፋንታ ፕላስቲክ አድርጉት፣ ሌላው ሁሉ ያው ነው።

እሺ ብረቱን ለምን ጨመሩበት? ላሜራ ብቻውን አንድ ክፉ አመል አለው፣ እየተለጠጠ እየተመለሰ ሲኖር ይደክማል። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ሲያርፍ ይሟሽሻል፣ በዚህ መሃል ከብሎኑ ቀዳዳ ጥግ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምራለች። በሚያዝያ 1988 ሃዋይ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ጣራው አየር ላይ ተገንጥሎ ሄደ፣ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፣ አውሮፕላኑ በዛን ጊዜ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ በረራ አድርጎ ነበር። ኔዘርላንድ ውስጥ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ከዛም በፊት ጀምረው የሚሰሩት ነገር ነበራቸው፣ ወረቀት የሚያህል አሉሚኒየም፣ በላዩ ፋይበር ከኢፖክሲ ጋ፣ በላዩ አሉሚኒየም፣ እንደ ኬክ። አሉሚኒየሙ ቢሰነጠቅ እንኳን ፋይበሩ ስንጥቁን ተሻግሮ ሁለቱን ወገን ስለሚይዝ ስንጥቁ መሄድ ያቅተዋል። ግሌር ተባለ፣ ኤርባስ ኤ380 ላይ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የላይኛው አካሉ በሱ ተሸፈነ። በዱባይ በኩል ለንደን በትልቁ አውሮፕላን የሄዳችሁ ሰዎች ከጭንቅላታችሁ በላይ የነበረው እሱ ነው።

ነገር ግን ግሌር የሚሰራው በትዕግስት ነው። ስሱ አሉሚኒየም ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ላይ ይነጠፋል፣ ፋይበሩ ይነጠፋል፣ እንደገና አሉሚኒየም፣ ከዛ ሁሉም በፕላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ አየሩ ተመጥጦ አውቶክሌቭ ውስጥ ይገባል፣ አውቶክሌቭ ማለት አውሮፕላን ቁራጭ የሚቀቀልበት ግዙፍ ፕሬዠር ኩከር ነው፣ እዛ በ120 ዲግሪ ሙቀትና በግፊት ለሰዓታት ይበስላል። አንዴ ከበሰለ ደሞ እንደ ላሜራ ፕረስ ላይ አድርገህ ጥልቅ ቅርጽ ላውጣ ብትል አይሆንም፣ አሉሚኒየሙ ከ10 በመቶ በላይ ሲለጠጥ የመስታወቱ ፋይበር 5 በመቶ ገደማ ላይ ይበጠሳል፣ ካርቦን ከሆነ ደሞ 2 በመቶም በቅጡ አይደርስ። ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቅጦ ምጣድ ለሚያወጣ ሰው ይሄ ዕቃ ምንም አይረባም፣ ቀጥቅጠኸው ቅርጽ የማይዝ ላሜራ ምን ላሜራ ነው ይልሃል። ኤ380 በ2021 ምርቱ ቆመ፣ ግሌርም ከሱ ጋ ትልቁን ገበያውን አጣ።

ኢፖክሲውን በቴርሞፕላስቲክ ብንተካውስ የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው ጉልበት የሚያገኘው። አሰራሩን ሳየው ደስ ይለኛል፣ ጠፍጣፋው ላሚኔት፣ ማለትም የተነባበረው ሉህ፣ ኢንፍራሬድ ፎርኖ ውስጥ ገብቶ ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ይሞቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ፕረሱ ይሮጣል፣ ከቀዘቀዘ አለቀለት፣ ሞልዱ ይዘጋል፣ ሞልዱ ራሱ ሞቅ ያለ ነው ግን ከመቅለጫው በታች ስለሆነ ፕላስቲኩ እዛው ይጠነክራል፣ ተከፍቶ ይወጣል። ደቂቃዎች ናቸው፣ ሰዓታት አይደሉም።

እና ፋይበሩ አይለጠጥም ካልን እንዴት ነው የሚታጠፈው? ነጠላ ይዛችሁ ሞክሩት። በድሩ አቅጣጫ ስትጎትቱት ንቅንቅ አይልም፣ በሰያፍ ስትጎትቱት ግን ቅርጹን ይቀይራል፣ ክሩ ሳይለጠጥ ድሩና ማጉ መሃላቸው ያለውን ማዕዘን እያጠበቡ ጉልበታችሁ ላይ ይተኛል። የተሸመነ ፋይበርም ቅርጽ የሚይዘው እንደዛ ነው። ሁለተኛው ነገር መንሸራተት ነው፣ ደብተር ስታጥፉ ገጾቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ አራቱም ጠርዙ በስቴፕለር የተመታ ደብተር ለማጠፍ ብትሞክሩ ግን ውስጡ ይጨማደዳል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ባለበት ደቂቃ ንብርብሩ ያልተሰፋ ደብተር ነው፣ ይንሸራተታል፣ ከዛ ሲቀዘቅዝ ይሰፋል። ሞልዱ ከመዘጋቱ በፊት ጫፉ ከቀዘቀዘ መሃሉ እየተንሸራተተ ጫፉ እምቢ ይላል፣ ውጤቱ መጨማደድ ነው፣ ይሄ መጨማደድ ደሞ አሉሚኒየሙ ስር ተደብቆ ስለሚቀር በዓይን አይታይም፣ በአልትራሳውንድ ፈልገህ ነው የምታገኘው።

አሁን ዋናው ጣጣ። ፕላስቲኮቹን በመቅለጫቸው ደርድሯቸው፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም የቧንቧው ዘመድ፣ 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ናይለን 6 ወደ 220። አውሮፕላን ላይ የሚገባው ፒፒኤስ ወደ 280፣ ከሁሉ የሚበልጠው ፒክ 343 ዲግሪ፣ እሱን ለመቅረጽ ደሞ ወደ 400 መጠጋት አለብህ። «አሉሚኒየም እኮ የሚቀልጠው 660 ላይ ነው፣ ምን ቸገረው» ይባላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። የአውሮፕላን አሉሚኒየም ጥንካሬው የሚመጣው ውስጡ በተበተኑ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፍሬዎች ነው። 7075 የሚባለው ቅይጥ መጀመሪያ 480 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዛ 120 ዲግሪ ላይ አንድ ቀን ያህል ተቀምጦ ፍሬዎቹ ልክ ባለ መጠን ያድጋሉ። ልብ በሉ፣ 120። ይሄን ዕቃ ወስደህ ፒክ ለማቅለጥ 390 ብታስገባው ፍሬዎቹ ያለ ልክ ያብጣሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ጥንካሬው ይሟሽሻል፣ ከፎርኖው የሚወጣው 7075 ተብሎ የተገዛ ግን 7075 ያልሆነ ላሜራ ነው። መልሼ ላጠንክረው ብትል ደግሞ 480 ዲግሪ ያስፈልግሃል፣ ያኔ ፕላስቲኩ ራሱ መበላሸት ይጀምራል። ወዲህ ብትል ገደል ወዲያ ብትል ገደል።

በዛ ላይ መቀዝቀዙ አለ። ፕላስቲኩ 225 ዲግሪ አካባቢ ጠነከረ እንበል፣ ከዛ ወደ 25 ሲወርድ አንድ ሜትር አሉሚኒየም 4.6 ሚሊ ሜትር ይሸማቀቃል፣ ጎኑ የተጣበቀው የካርቦን ፋይበር ደሞ በርዝመቱ ከነአካቴው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገና ምንም ጭነት ሳይነካው አሉሚኒየሙ ተወጥሮ፣ ካርቦኑ ተጨምቆ ነው የሚወለደው። ንብርብሩ ሚዛኑን ካልጠበቀ ጠፍጣፋ ሰርተህ የጎበጠ ታወጣለህ። አሉሚኒየምና ካርቦን እርጥበት ካገኙ እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ መበላቱም አለ፣ ያኛውን መሃላቸው የመስታወት ንብርብር በማስገባት ይገላገሉታል። ታይታኒየም ብታስገባ ብዙው ነገር ይቀላል፣ በዛችው 200 ዲግሪ 1.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሸማቀቀው፣ የፒክ ሙቀትም አያስደነግጠውም፣ ከካርቦን ጋም አይጣላም። ዋጋው ነው እንጂ።

መጣበቁንስ? እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ፣ ሳቁብኝ። ከእርጎ ዕቃ ክዳን የቆረጥኩትን ፖሊፕሮፒሊን በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አድርጌ፣ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ደርቤ፣ ካውያውን እስከ መጨረሻው አሙቄ ተጫንኩት። ሲያዩት ተጣብቋል፣ ደስ አለኝ። ሲቀዘቅዝ ቁራጩ ወደ ፕላስቲኩ ወገን ጎበጠ፣ ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ በላይ ስለሚሸማቀቅ ነው፣ ጠዋት ላይ በጥፍሬ ጠርዙን ሳነሳው አንድ ላይ ተላቀቀ፣ አሉሚኒየሙ ላይ አሻራ እንኳን አልተወም። ሁለተኛውን አሉሚኒየሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በአልኮል ጠርጌ ስሰራው ትንሽ ታገለኝ፣ ግን እሱም ለቀቀ። ፖሊፕሮፒሊን ኬሚስትሪው ምንም ነገር መያዝ የማይወድ ነው፣ ድስት ከሱ ቢሰራ ጥሩ ነበር። ፋብሪካዎቹ አሉሚኒየሙን አሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ አሳልፈው ገጹን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያደርጉታል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ እዛ ውስጥ ስር ይሰዳል፣ ለፖሊፕሮፒሊን ደሞ ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል የተቀላቀለበት ስስ ፊልም መሃሉ ያስገባሉ፣ እሱ አንድ እጁን ለፕላስቲኩ አንድ እጁን ለብረቱ ይሰጣል። የቧንቧ ሰራተኛው መላጫ እዚህ ነው የሚገባኝ፣ አሉሚኒየሙ ላይ ቀልጦ የሚበየድ ነገር የለም፣ መላጡ ይቀላል።

አውሮፕላኑ ወገን በተግባር ምን መረጠ ካላችሁ፣ ብረትና ቴርሞፕላስቲክ መደረቡን በአብዛኛው ትቶታል። ቴርሞፕላስቲክ ብቻውን ግን እየገባ ነው። ያው ኤ380 ራሱ የክንፉ የፊት ጠርዝ ከመስታወት ፋይበርና ከፒፒኤስ በፕረስ ተቀርጾ በብየዳ የተያያዘ ነበር፣ ኤ350 ውስጥ ቆዳውን ከአጥንቱ የሚያያይዙ በሺህ የሚቆጠሩ የቴርሞፕላስቲክ ክሊፖች አሉ፣ ከፎርኖ ወደ ፕረስ እየሮጡ የተሰሩ። የአውሮፓ ሕብረት በረዳው ፕሮጀክት ደሞ 8 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ዲያሜትር ያለው ሙሉ ክብ የአውሮፕላን ገላ ቁራጭ ከካርቦንና ከቴርሞፕላስቲክ ተሰርቶ፣ የላይኛው ግማሽ ጀርመን የታችኛው ኔዘርላንድ ተሰርተው በብየዳ ተጋጥመዋል። የመረጡት ፕላስቲክ ከፒክ ቤተሰብ ሆኖ 305 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠውን ነው፣ ያችን 40 ዲግሪ ለማትረፍ ስንት እንደተደከመ አስቡት። የሚያጣድፋቸው ነገር ግልጽ ነው፣ ኤርባስ ኤ320ን በወር 75 ማምረት እፈልጋለሁ ብሏል፣ ቀጣዩን ትንሽ አውሮፕላን በዛ ፍጥነት እያንዳንዱን ገላ ለሰዓታት አውቶክሌቭ ውስጥ እየቀቀሉ ማድረስ ከባድ ነው።

ለኛ ደሞ ነገሩ ጥገናው ላይ ይመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ኤ350ን ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባ ነው፣ የሁለቱም ገላ በአብዛኛው ካርቦንና ኢፖክሲ ነው፣ ማለትም እንጀራው። በሐምሌ 2013 ለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ ላይ ቆሞ የነበረው ንግሥተ ሳባ የተባለው 787 ላይ ከጅራቱ አጠገብ የነበረ የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫ ባትሪ ተቃጥሎ ጣራውን ጎዳው፣ ብረት ቢሆን ላሜራ ቆርጠህ በሪቬት ትመታለህ፣ ይሄ ግን ብዙ ወር የወሰደ ትልቅ ጥገና ነበር። በቴርሞፕላስቲክ የተሰራ ገላ በመርህ ደረጃ እንደገና ቀልጦ ሊበየድ ይችላል፣ ሃንጋር ውስጥ ክንፉ ተሰክቶ ባለ አውሮፕላን ላይ አንድ ካሬ ሜትር ብቻ በ305 ዲግሪ አሙቀህ ዙሪያውን ሳትነካ ማቀዝቀዝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሻጮቹ ይሄን ሲያወሩ ቶሎ ነው የሚያልፉት።

እኔን ብትጠይቁኝ ብረትና ቴርሞፕላስቲክ አንድ ላይ የሚያሸንፉት መኪና ላይ ነው። እዛ 7075 አያስፈልግም፣ ማግኒዥየም የተቀላቀለበት ባለ 5 ሺህ ቁጥር አሉሚኒየም አለ፣ ጥንካሬው ከነዛ ፍሬዎች አይመጣም፣ ስለዚህ ለስላሳውን ገዝተህ ብታሞቀው የሚያጣው የለም። አሉሚኒየም ሳይሆን ስቲል (ተራው የብረት ላሜራ) ከሆነማ 240 ዲግሪ ምኑም አይደለም። እዚህ ግን ደሞ ሌላ ወጥመድ አለ፣ የመኪና አካል ፀረ ዝገት ቀለም ተነክሮ 180 ዲግሪ አካባቢ ባለ ፎርኖ ውስጥ ያልፋል፣ መሃሉ ፖሊፕሮፒሊን ያለው በር እዛ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን አሁን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ወደ ናይለን ይሄዳሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ራሱ ከባድ ስለሆነ ከአካሉ ላይ የሚቀነስ ኪሎ ሁሉ ይፈለጋል፣ እኛ ደሞ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክለናል፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት ላሜራ መመረት ከበዛ ወደኛ ጋራዥ መምጣቱ አይቀርም።

የሰፈራችን ላሜራ ሰራተኛ የተጋጨ በር ሲመጣለት የሚያደርገውን አውቃለሁ፣ ጋዙን ለኩሶ ያረገደውን ቦታ እስኪቀላ ያሞቀዋል፣ ከኋላ በመዶሻ ይመልሰዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዘዋል፣ ቆንጆ አድርጎ ነው የሚያወጣው። መሃሉ ናይለን ያለው በር ላይ ይሄን ሲያደርግ 220 ዲግሪን ያልፋል፣ ከቀላማ በጣም ቀድሞ ያልፋል፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ቀለሙን ተቀብቶ ይወጣል። ባለቤቱ ወስዶ ሁለት ሳምንት ይነዳውና በሩን በጣቱ ሲያንኳኳው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮህለታል።